የአንበርብር ሁለት ጎሎች

አጥናፉ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገውም፣ ትዳር ይዞ ልጆች ያሳደገውም እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። በሥራ ዘመኑ አንድ ፋይል ጠፋበት ተብሎ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው «አጥናፉ ማኅተም» ይለዋል፤ እሱ አንዴ ካለ አለቀ፣ ተመታ ማለታቸው ነው። ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ይል ነበር። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ሲጠሩት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍ ጀመር።

ነገሩ ከኳስ ይነሳል፤ ሜዳ ላይ ከሌለ ኳስ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት አጥናፉና የልጅነት ጓደኛው ሙዓዊያ፣ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው፣ የእግር ኳስ ሊግ የሚያጫውት የኮምፒውተር ፕሮግራም አገኙ። አሥራ ሁለት ሰው ሰበሰቡ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ክለብ ደረሰው። ተጫዋቾቹን የሚፈጥረው ፕሮግራሙ ነው፣ ስም የሚያወጣላቸው ባለ ክለቡ። አባላቱ በየሳምንቱ አሰላለፋቸውን ለአጥናፉ ይልኩለታል። እሱ ቤቱ ውስጥ ጨዋታውን ያስኬዳል፣ ማሽኑ የሰጠውን ውጤት በደብተር ይጽፋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ያነባል። በዓለም ላይ የሌለ ሰው ጎል አገባ ሲባል ልጅ የዳሩ ሰዎች ከወንበራቸው ብድግ ብለው ይጨፍራሉ።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ክርክር አለ። ጫማቸውን ከሰቀሉ አምስት ዓመት የሞላቸው ተጫዋቾች ለክብር መዝገብ ይታጫሉ፤ የዘጠኝ ሰው ድምፅ ያገኘ ይገባል። አጥቂ ከሆነ ሁለት መቶ ጎል ካልሞላ ስሙም አይነሳም። ዘንድሮ የታጨው አንበርብር ነበር፣ የሙዓዊያ ዘጠኝ ቁጥር። በደብተሩ መሠረት ሁለት መቶ አንድ ጎል አለው።

በጥቅምት፣ ክርክሩ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰምሃር ደወለች። ሰምሃር ስታቲስቲክስ የምታስተምር ወጣት ናት፤ ሊጉን ከተቀላቀለች ሁለት ዓመቷ ነው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ደብተሮቹን ኮምፒውተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። የ2006ቱ አልገጥም አለኝ። ደብተሩ መሃል ፕሮግራሙ ያወጣው የዓመቱ ማጠቃለያ ነበረ፤ የእርስዎ ድምር ከእሱ በሁለት ጎል ይበልጣል።»

«ስጽፍ ተሳስቼ ይሆናላ» አለ አጥናፉ። 

«ምንም አይደል። የድሮው ኮምፒውተር ካለ ቅዳሜ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ፋይሉን እኔው ፈልጌ አየዋለሁ።»

ስልኩ ተዘግቶም አጥናፉ ከጆሮው አላወረደውም። የትኞቹ ሁለት ጎሎች እንደሆኑ ያውቃል።

በ2006 ሙዓዊያ አንድ ኩላሊቱ ሊወጣ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የኦፕራሲዮኑ ቀን የሊጉ ፍጻሜ ሆነ፤ የሙዓዊያ ክለብ ከሌላው አባል ከተስፋሁን ክለብ ጋር። ሙዓዊያ «ውጤቱን ሳልሰማ አልገባም» አለ። አጥናፉ በጠዋት ጨዋታውን አስኬደ። ተስፋሁን አንድ ለዜሮ አሸነፈ፤ አንበርብር ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ሲደውል ከወዲያ በኩል የሙዓዊያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማው፣ የተቆራረጠ፣ የፈራ ሰው ትንፋሽ። አጥናፉም ፈራ። «ሁለት ለአንድ! ሁለቱንም ያገባው አንበርብር ነው!» አለ። ሙዓዊያ በደስታ አለቀሰ፤ እያለቀሰ ወሰዱት።

ሲድን እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። ሙዓዊያ ዳነ። ነገር ግን በዚያ ውጤት የተሰጠውን ዋንጫ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል?

ያን ሳምንት አጥናፉ ምግብ አልወርድ አለው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። በሙዓዊያ ስፌት ቤት በኩል ማለፍ ትቶ በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር። ሚስቱ ሙሉነሽ «አሞሃል እንዴ? ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለው «ደክሞኝ ነው» ይላታል። በሐሳቡ የሚመላለሰው ግን ያ መዝገብ ቤት ነው። ሰዎች «በኳስ የዋሸ በመዝገብ ቤቱ ፋይልማ ምን አድርጎ ይሆን?» ይላሉ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ሁሉ አንድ በአንድ ሲገለበጥ ይታየዋል።

ሐሙስ ዕለት የድሮውን ኮምፒውተር በፌስታል ጠቅልሎ ፒያሳ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄደ።

«ምን ሆነ፣ አባት?» አለው ጠጋኙ።

«ውስጡ ያለውን አጥፋልኝ።»

«ሁሉንም? አይመለስም እኮ።»

አጥናፉ በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ፋይል አጥፍቶ አያውቅም። ፌስታሉን መልሶ አቀፈና ወጣ።

ቅዳሜ ካፌው ሞላ። ሙዓዊያ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ ለክርክር ተነሳ። ጎሎቹን ቆጠረ፣ አንበርብር የተጎዳባቸውን ወራት ሳይቀር አስታወሰ። ተስፋሁን «ሰውዬህ ፈጣን ነበር፣ ግን በጭንቅላት አንዲት ኳስ አልነካም» እያለ ሲያቋርጠው ሁሉም ሳቀ። ሙዓዊያ ግን አልሳቀም።

«እኔ እኮ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁት አንበርብርን ይዤ ነው» አለ። «ያን ቀን ሁለት ጎል ባያገባ በእግሬ የምወጣ አይመስለኝም።»

 ሰምሃር ከአጥናፉ ጎን ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኮምፒውተሩን አመጡልኝ?» አለችው። ዓይኗን ሲያይ እንደገባት ጠረጠረ፤ እሱን ላለማሳፈር የምትጠብቅ መሰለው። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። 

«አላገባም» አለ።

«ማን?» አለ ሙዓዊያ።

«አንበርብር። ያን ቀን አላገባም። ተሸንፈሃል። ውጤቱን እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

የማኪያቶ ማሽኑ ከታች ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ተስፋሁን ነው። «አሥራ አንድ ዓመት! በዚያ ፍጻሜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲፎግሩኝ አንተ እዚችው ተቀምጠህ ትስቅ ነበር!»

ሙዓዊያ ወደ ተስፋሁን አልዞረም። «አዝነህልኝ ነው?» አለው አጥናፉን።

«ፈርቼ ነው። ትሞትብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ያኔ ሐኪሙ ያባብለኝ ነበር። ፈቲያ ሚስቴ ትዋሸኝ ነበር። እህቶቼም። የማትዋሸኝ አንተ ብቻ ነህ ብዬ ነው የጠበቅኩህ።» ኮቱን ቆለፈ። «መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ስሙ አይነሳም» አለና ደረጃውን ወረደ። ድምፅ አልተሰጠም።

በማግስቱ አጥናፉ ውጤት የመመዝገቡን ሥራ ለሰምሃር አስረከበ። ሙዓዊያ ዋንጫውን በሰው ወደ ተስፋሁን ላከው። ተስፋሁን ሁለት ሳምንት አኩርፎ ታረቀ። ሙዓዊያ ግን ካፌም መምጣት፣ ስልክም ማንሳት ተወ። አጥናፉ አሁን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። በየጠዋቱ በስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ያልፋል፤ በሩ ተከፍቶ ካየ ቀኑን ሙሉ ይቀለዋል። ተዘግቶ ካየ ማንን እንደሚጠይቅ ጨንቆት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ፈቲያ ደወለች። «ለዓመቱ ምርመራ ሐኪም ቤት ነን። አጥናፉ ይምጣ ብሏል» አለች። 

ኮሪደሩ ላይ ሙዓዊያን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ከስቷል። ሰላምም አላለውም፤ የላብራቶሪውን ፖስታ ዘረጋለት።

«አንብብልኝ። ያለውን እንዳለ።»

አጥናፉ መነጽሩን አደረገ። ቁጥሮቹ አንዴ ተምታቱበት፣ ደግሞ አነበባቸው። የሚለው ግልጽ ነበር። ፈቲያ ፊቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

«ካምናው ቀንሷል» አለ። «ኩላሊትህ ካምናው በታች ነው የሚሠራው። ሐኪሙን ዛሬውኑ ማየት አለብህ ይላል።»

 ሙዓዊያ ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው።

«እሺ» አለ። «ተነሳ፣ አብረን እንግባ።»