ደወል የሌለው ቤት

ከሀገሬ የወጣሁ ምሽት እናቴ ሻንጣዬን እየዘጋች «እዚያ ሰው ፊት እንዳትታመሚ» አለችኝ። በርበሬም ሽሮም አስይዛኛለች፤ ምክሯ ግን ይኸው ብቻ ነበር። ታላቅ እህቴ አልማዝ በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። ግድግዳው ላይ ወንድማችን አበራ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ ይስቃል።

አበራ የሞተው ከምርጫው በኋላ፣ ሰፈራችን ተኩስ የተሰማ ቀን ነው። ደጃፋችን ላይ ቆሞ ነበር። ጥይቱ ሲጮህ ወደቀ። ጎረቤት ተሯሩጦ ደሙን ፈለገ፤ ደም የለም። ሸሚዙን ገለጡት፤ ቀዳዳ የለም። እናቴ ግን «ገደሉብኝ!» አለች፤ ለቀስተኛውም ተቀብሏት «ገደሉት» እያለ አለቀሰ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ዓይናፋር ልጅ ነኝ። ምን እላለሁ? አብሬ አለቀስኩ።

ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ የምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ አለች። እዚያ በትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የሀገራችን ሰዎች ቤት በሠራተኝነት ገባሁ። የእመቤቲቱ ልጅ ካስነጠሰ ሐኪሙ ራሱ እቤት ድረስ ይመጣል። እኔን የጋለ ዘይት እጄን ሲልጠኝ «የጥርስ ሳሙና ቀቢበት» አሉኝ።

«ሐኪም ቢያየውስ፣ እትዬ?»

«ኢንሹራንስ የለሽም እኮ፣ የኔ ቆንጆ። ደግሞ የሀበሻ ቆዳ ቶሎ ይድናል።»

የእሳቸው ቆዳ የማን እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ሳረግዝ ደግሞ «ይህን ሆድ ይዘሽ ለእንግዳ ልታቀርቢ ነው?» ብለው አሰናበቱኝ። የልጄን አባት ስም አላነሣም፤ እሱም የእኛን አንሥቶ አያውቅም። በባቡር ወደ ዙሪክ መጥቼ ጥገኝነት ጠየቅኩ። ልጄ ሶስና የተወለደችው በስደተኞች መኖሪያ ነው፤ ኋላ ቪዲኮን በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ሰጡን።

ስለ ስዊዘርላንድ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ሰው ዝም የሚልበት፣ ዕቃው የሚጮህበት ሀገር ነው። እሑድ ምንጣፍ ማራገፍ ነውር ነው፤ እኛ ሀገር ጎረቤት «ምን ሆና ነው ድምፅዋ የጠፋው» ብሎ በር የሚያንኳኳልሽን ያህል፣ እዚህ ድምፅሽ ተሰማ ብሎ ያንኳኳብሻል። የትራሙ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ማንም አይቆጣውም። ዳቦው ግሩም ነው፣ ብቻ ብቻሽን ትበይዋለሽ። ፀሐይዋም ትወጣለች፤ ሙቀቷን ግን የት እንደምትተወው እንጃ።

ሶስና መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ሳትሰነብት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ለልምምድ ሲደወል ወደቀች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አስተርጓሚያችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ከሀበሻ ለቅሶና ሠርግ የማይቀሩ፣ ስንቱን ሰው ለመኖሪያ ፈቃድ ያበቁ አዛውንት ናቸው። ሐኪሙ «ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወንድሜ» አልኩ። «ተኩስ ሲሰማ ወድቆ ሞተ።»

ጋሽ ታደሰ በጀርመንኛ ነገሩት። ሐኪሙ በሐዘን ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። መጨረሻ ላይ «ደክሟት ይሆናል፤ ውኃ ታብዛ» ብሎ ሸኘን። እኔም ጋሽ ታደሰን እጅ ነሥቼ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

ክረምቱን በሙሉ ጀርመንኛ ተማርኩ። አንድ ጠዋት ሊቀሰቅሰኝ የሞላሁት ስልክ ሲጮህ፣ አጠገቤ የተኛችው ሶስና በድንጋጤ ብድግ አለችና ተመልሳ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቆረ። አምቡላንስ መጣ፣ ደረቷን እየተጫኑ መለሷት። 

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሌላ ሐኪም ናት፤ ወጣት ሴት። ጋሽ ታደሰ ገና አልደረሱም። «ወንድምሽ *ኤርሾሰን* መሆኑን ከመዝገባችሁ አይቻለሁ፤ አዝናለሁ» አለችኝ። ኤርሾሰን፣ በጥይት የተገደለ። ቃሉን ከጥገኝነት ቃለ መጠይቄ አውቀዋለሁ።

በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ «ጥይት አልነካው። ቀዳዳ የለም። ድምፅ ብቻ» አልኳት።

«የምን ድምፅ?»

እንዴት ያለ ድምፅ እንደሆነ ላሳያት ጠረጴዛውን ልመታ እጄን አነሣሁ። አየር ላይ ያዘችኝ። እጄን እንደያዘች ዞራ የተኛችውን ሶስናን አየች። ያን ጊዜ ገባኝ። በመዳፌ ልጄን ልገድላት ነበር!

ሐኪሟ በቀስታ አስረዳችኝ። ልብ ከአንድ ምት ወደሚቀጥለው እስኪዘጋጅ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የሶስና ልብ ከሌላው ይዘገያል፤ ድንገተኛ ጩኸት በዚያ መሐል ከመጣ ይረበሻል። ደረት ላይ ሽቦ ለጥፎ ወረቀት ላይ መስመር የሚያወጣው መሣሪያ ይህን ያሳያል። መድኃኒቱም በየቀኑ የምትዋጥ እንክብል ናት። ከወላጅ ስለሚወርድ ለእኔም ሽቦውን ለጠፈችልኝ፤ የእኔም መስመር እንደ ልጄ ሆነ።

ይኸው ነው! ሽቦ፣ ወረቀት፣ እንክብል። ወንድሜን ግን ሸሚዙን ገልጠን ቀዳዳ ፈልገን ቀበርነው።

ጋሽ ታደሰ ኮሪደሩ ላይ ኮታቸውን እያወለቁ መጡ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለሐኪሙ ወንድሜ በጥይት ሞተ ብለው ነው የነገሩት?» አልኳቸው።

«ታዲያስ! ለአንቺው ብዬ ነዋ። ድንጋጤ ገደለው ብትዪ ማን ጥገኝነት ይሰጥሻል?»

«የመጣሁት ሐኪም ቤት ነው!»

«ፈረንጅ ሁሉም ቢሮው አንድ ነው፣ ልጄ። ይነጋገራሉ።»

«ሶስና ልትሞትብኝ ነበር!»

«ኧረ ክፉ አታውሪ! በልጅ ላይ እንዲህ ይባላል?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ፈቃድሽ ምን ደረሰ?» አሉኝ።

በዕድሜዬ በሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ያውም በአባቴ እኩያ ላይ። ያን ቀን ጮኽኩ። የተናገርኩትን አልጽፈውም፤ ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እስክትመጣ ድረስ አላቆምኩም።

ቤቴ ገብቼ የበሩን ደወል ነቀልኩት። የሕንፃው ጠባቂ፣ ሀውስቫርት የሚሉት፣ በማግስቱ መጣ። ከዚያ በፊት የመጣው የልጄ ሩጫ ታች ቤት ይሰማል ሊለኝ ነበር።

«ደወሉን ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«የሕንፃው ንብረት ነው። እንግዳ በምን ይጥራሽ?»

«ያንኳኳ፤ ቀስ ብሎ።»

«ፖሊስ ቢመጣስ?»

«እሱም ቀስ ብሎ ያንኳኳ።»

የቀረው እናቴ ናት። አልማዝ ሥራ ፍለጋ ቤይሩት ሄዳለች፤ ስልኳን አሠሪዋ ስለምትይዝባት አትገኝም። ልጇን ናቲን የምታሳድገው እናቴ ናት። ሐኪሟ የእህትሽም ልጅ ይመርመር ብላኛለች። ባለፈው ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ምሳ ተበልቶ ቤቱ ጸጥ በሚልበት ሰዓት ደወልኩ።

«እማዬ፣ ናቲ ነጎድጓድ ሲመታ ወደቀ ብለሽኝ ነበር አይደል?»

«ልጅ አይደል? ደነገጠ፣ ተነሣ። ደህና ነው።»

«ሐኪም ቤት ውሰጂልኝ። የልቡን ምት በሽቦ ይዩልኝ፣ ኢሲጂ በያቸው። አበራን የገደለው የልብ ሕመም ነው፤ ከዘራችን የሚወርድ።»

 

«ልጄን የገደሉት እነሱ ናቸው» አለች። «አሁን ደግሞ አንቺ እኔ ነኝ የገደልኩት ልትዪኝ ነው?»

«እነሱ ባይተኩሱ አይወድቅም ነበር፣ እማ። እነሱም አሉበት። ግን ናቲ...»

«ናቲ ተኝቷል። ዘራችንን አታሰድቢ!» ብላ ዘጋችብኝ።

 እንዴት ለአንድ ሕፃን ስንል አንዲት እውነት መናገር ያቅተናል? ደግሜ ልደውልላት ቁጥሯን ነካሁ። ገና ሳይጠራ የእናቴ ስልክ ትዝ አለኝ። ጆሮዋ ስለደከመ ጩኸቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ከአልጋው ራስጌ ነው የምታስቀምጠው። ናቲ ደግሞ እዚያ ተኝቷል፤ ቅድም ስደውል ይህን አላሰብኩም ነበር።

ቶሎ ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ልጁ እስኪነቃ ሰዓቱን እጠብቅ ጀመር።