የአባቷ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ባለፈው ሰኞ ኮምቦልቻ፣ ብቻዬን በምኖርበት ቤት፣ አንድ አሮጌ ፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይደረግ?» አለኝ። እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ለሰው ብነግረው ይስቅብኛል እንጂ፣ ይህን ጥያቄ ዛሬም እፈራዋለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደሴ፣ ሆጤ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሰው ስልክ ዘፈንና መንዙማ እጭን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ሲጮኽብኝ ይውላል፤ ኪራይ ቤቴ ስገባ ግን «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ አልነበረም። በዚያ ክረምት ዘይነባ መጣች። የኩታበር ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። በእረፍት ቀኗ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ በደሴ ጉም እየተንቀጠቀጠች፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ይዛ ከፊቴ ቆመች።

«ወንድሜ፣ አባቴ መንዙማ ሲያዜሙ አንድ እንግዳ የቀረጸው ነው። አሁን አባቴ የሉም። ሌላ ቅጂ የለኝም፤ የትም ብወስደው አልከፈት አለ።»

«ማክ በሚባል ኮምፒውተር ተቀድቶ ነዋ! የእኛ ዊንዶውስ አያነበውም። ለእኔ ተይው!» አልኳት። ጉራ ብቻ!

ሊኑክስ የሚባል፣ የማክንም ዲስክ የሚያነብ ሲስተም የሚጠቀሙ አንድ ጎረቤት መምህር ነበሩ፤ የእሳቸው ኮምፒውተር ከፈተልኝ። ዲስኩ ላይ ከነበሩት አሥራ ሁለት መንዙማዎች ለሙከራ አንዱን ገልብጬ፣ ወደ ኤምፒ ስሪ ቀይሬ፣ በሳምንቱ ስትመጣ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ወላሂ፣ አባቴ ናቸው» አለችና አለቀሰች። ያን ቀን ከኮምቦልቻ ያመጣችውን ፓፓያ አብረን በላን። ለካስ ሰው ናፍቆኝ ኖሯል!

የቀረውን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርኳት። እኛ ዘፈን ጫኞች አንድ ልማድ ነበረን፤ የሰው ሚሞሪ ሲመጣ፣ ቫይረስ እንዳይገባብን፣ መጀመሪያ ፎርማት አድርጎ ያለበትን ሁሉ ማጥፋት ነው። በገበያ ቀን ደንበኛ ተደራርቦብኝ፣ ከሚሞሪዎቹ ጋር የእሷንም ዲስክ ሳላስተውል ሰካሁት። «ፎርማት ይደረግ?» አለ። ዓይኔ ደንበኛው ላይ ነበር፤ ጣቴ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ዲስኩ ባዶ ሆነ።

ባዶውን እንዴት ልስጣት? የሌሎች ሰዎችን መንዙማ እየመረጥኩ አፉ ድረስ ሞላሁት። ስትመጣ «ዲስኩ ተበላሽቶ ነበር፤ የአባትሽ ጠፋ፣ ሌላ ጭኜልሻለሁ» ብዬ ዋሸኋት። «አብሽር፣ የአላህ ነገር ነው። አንተማ ለፋህልኝ» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ከዓመታት በኋላ ነው ጉዴን ለመምህሩ የነገርኳቸው። «ምን ነካህ! ሌላ ነገር ባትጭንበት ኖሮ እኮ ፋይሉ ይመለስ ነበር» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጥፋቴን ልሸፍን ብዬ አባቷን በሌላ ሰው ድምፅ ቀብሬያቸው ነበር።

ኮምቦልቻ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የፋብሪካ ሠራተኞች ሲወጡ አሁንም ቆም ብዬ አያለሁ። ያቺ ለሙከራ የቀየርኳት መንዙማ እኔም ዘንድ አለች፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ይዣት ዞሬያለሁ። ሰኞ ዕለት «አይደረግ» የሚለውን ተጭኜ፣ እሷን ከፈትኳት። መጨረሻው ላይ አባትየው ዜማቸውን አቁመው «ዘይነባ፣ በሩን ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ገባ» ይላሉ።

እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ተነሥቼ በሬን አያለሁ።