ኮቴ የለሽና የረግረግ ጥድ ችግኞቼ

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ «ኮቴ የለሽ» እንላታለን፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ቦት ጫማ አድርጋ ጠጠር ላይ ስትሄድ እንኳ አትሰማም። አረም ስነቅል ቆይቼ ቀና ስል አጠገቤ ቆማ አገኛታለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች፣ ምን እንዳየች አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ሠርታለች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ሁለት ልጆች ለብቻዋ አሳድጋለች። አሁን የምትኖረው ከእህቷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ምሳዋን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ብቻዋን ትበላለች። ስለ ራሷ ብትጠየቅ «ምን አለ ብለሽ» ብላ ታልፋለች። ይህችን ታህል ለማወቅ እንኳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰው ይህን ያህል ሲደበቅ ነገሩ አይጥመኝም።

ሥራችን የረግረግ ጥድ ማፍላት ነው። ይህ ዛፍ ሲያድግ ሌላው በሚበሰብስበት ውሃማ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በችግኝነቱ ግን ጉድ ነው። ውሃ ሲበዛበት አንገቱ ላይ ይበሰብስና ዘንበል ብሎ ይሞታል፤ ሲያንስበት ደግሞ ይደርቃል። ጣቴን የችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ እርጥበቱን ሳልፈትሽ አላጠጣም ነበር።

ያን ዓመት ከጊዜያዊ ሠራተኞች አንዷ ቋሚ ልትደረግ ነበር። ለዚያ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና የኮቴ የለሽ የእህት ልጅ። ኃላፊው ለየራሳችን አራት አራት መቶ ችግኝ ያለበት መደብ ሰጠንና «ከዛሬ ጀምሮ በስድስተኛው ወር ችግኙ ያማረላት ትቀራለች» አለን። ጊዜያዊ ሠራተኛ ዝናብ ሲያባራ ይበተናል። ባሌ ወገቡን ከተመታ ወዲህ ደግሞ ቤታችን የሚያድረው በእኔ እጅ ነው። ያ ቦታ ካመለጠኝ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

በሦስተኛው ወር ችግኞቼ ማደግ አቆሙ። መርፌ መርፌ የሚያህለው ቅጠላቸው ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ ሆነ። ውሃው ልክ ነው፤ ጥላውም ልክ ነው። ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ከሌሎቹ ሠራተኞች ቀድሜ ገባሁ። ኮቴ የለሽ መደቤ ላይ አጎንብሳለች። ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ቦርሳ አንግታ ጥቁር ነገር እየዘገነች ችግኞቼ ሥር ትበትናለች።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጠችም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

«አፈር ነው» አለች።

«የምን አፈር?»

«የዛፍ ሥር አፈር። በላዩ ውሃ አጠጪበት።» ይህን ብላ ሄደች።

ተንበርክኬ አየሁት። የበሰበሰ ቅጠል የተቀላቀለበት አፈር ነው፤ መሃል መሃሉን እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭ ክር ተድበልብሎበታል። ሳሸተው የተዘጋ ቤት ሽታ አለው። ወደ እህቷ ልጅ መደብ ሄጄ ብመለከት ላዩን ደቃቅ ጠጠር ለብሷል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ለእሷ ጠጠር፣ ለእኔ ሻጋታ!

ቤት ስገባ ለባሌ ነገርኩት። «በሽታ በተነችብኝ።»

«ዓይንሽ እያየ?»

«እንዳይ መች ፈለገች! ቀድሜ ስለገባሁ ነው እንጂ።»

«አንቺ እኮ ሐኪሙ ወገቤን ሲዳስሰኝ ኪሴን የምትጠብቂ ሴት ነሽ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ወገቡ አመመውና ተወው። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ሰዉ ለሻይ ሲወጣ ከመደቡ ጫፍ ጀምሬ አፈሩን በማንኪያ እየጫርኩ አወጣሁ። ለማስረጃ እንዲሆነኝ ጥቂቱን በብልቃጥ አስቀመጥኩ። ግማሹን እንደጨረስኩ ማዳበሪያ እንድናወርድ ተጠራን። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደና የቀረውን አሰረገው። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ኮቴ የለሽን ከዓይኔ አላወጣኋትም። ውሃ ልትቀዳ ብትሄድ እንኳ እከተላታለሁ። እሷ ግን መደቤን አይታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በስድስተኛው ወር ኃላፊው መጣ። የእኔ መደብ ግማሹ አረንጓዴ፣ ቁመቱ ክንድ ሊሞላ የደረሰ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ወይን ጠጅ እንደሆነ ከጣት አላለፈም።

«ይሄ መደብ ነው ወይስ ደረጃ?» አለኝ።

ብልቃጡን አወጣሁ። «አለቃ፣ እትዬ ይህን በትነውብኛል። እኔ ያወጣሁትን አውጥቻለሁ፣ መርዙ ግን ቀድሞ ሠርቷል።»

ኮቴ የለሽና የእህቷ ልጅ አጠገባችን ቆመዋል። ኃላፊው ብልቃጡን ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አላት።

«ከአሮጌዎቹ ጥዶች ሥር።»

ከአረንጓዴዎቹ አንዱን ነቅሎ ፕላስቲኩን ቀደደው። ሥሩ በነጩ ክር ተጠቅልሏል። ከወይን ጠጆቹም አንዱን ቀደደ። ሥሩ ራቁቱን ነው።

«ይህ ክር ነው ጥዱን የሚመግበው» አለኝ። «እኛ በመኪና በምናስመጣው አፈር ውስጥ ክሩ የለም። አፈሩን ያወጣሽው ከየትኛው ነው?»

እጄን ወደ ወይን ጠጆቹ ዘረጋሁ።

ቀጥሎ የልጅቷን መደብ ጠጠር በጣቱ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ ያው ጥቁር አፈር ነው። ጠጠሩ አፈሩን ዝናብ እንዳያጥበው የተደረገ ነበር። እሷ ቋሚ ሆነች። እኔን ዝናቡ እስኪያባራ ተከላ ላይ መደቡኝ።

ዕቃዬን ስሰበስብ ኮቴ የለሽን ጠየቅኳት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ሻጋታ ጥሩ ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምናትም ነበር።

«ግን የራስዎ የእህት ልጅ እያለች ለእኔ ለምን?»

«ችግኙ የማን መደብ ላይ እንዳለ ያውቃል እንዴ?» አለች።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ልጅቷን ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ ለእሷ የበተነችላት በሁለተኛው ወር፣ ለእኔ በሦስተኛው ነው። ያ አንድ ወር ምንድን ነው? አፈሩ አልቆባት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

ያን ክረምት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ አረንጓዴዎቹን ተከልኩ። ወይን ጠጆቹ ተጣሉ። ዝናቡ አባርቶ በተበተንን ቀን ኮቴ የለሽ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ለመጪው ክረምት ለኃላፊው ነግሬልሻለሁ፣ ነይ» አለችኝ። «ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። አፈሩን የሚሸከምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዛፎቹንም አሳይሻለሁ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ግን አብራት የምታድር የእህቷ ልጅ እያለች ለምን እኔን ፈለገች እያልኩ ሳሰላስል ቤቴ ደረስኩ።