ለፓርቲው የተሳለች ላም

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ነበረች፤ ከሰማይ ጋር የነበራት ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው በስለት ነው። ሰው ሲታመምባት ትቆምና ጮክ ብላ የምትለምነውንም የምታስገባውንም ትናገራለች። ነገሩ ሲሰምርላት ጧፉን ወይም ጃንጥላውን ይዛ በታንኳ ወደ ደሴቱ ገዳም ትሻገራለች፤ ለምን እንዳመጣችውም በተሰበሰበው ሰው ፊት እልል ብላ ትናገራለች። ስለት ሲደርስ የሚገባ እንጂ አስቀድሞ የሚከፈል ነገር አይደለም። ድብብቆሽም የለበትም። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ካድሬዎቹም ቢሆኑ የእናቶቻቸው ልጆች ናቸው።

ፓርቲው ሊመሠረት ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ለበዓሉ መዋጮ ተጣለ። እኔ በምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳንጠየቅ ከደመወዛችን ይቆረጥ ነበር፤ በቀበሌ ግን በፈቃደኝነት ነው ተባለ። ፈቃደኝነት ማለት የሚሰጡትን መምረጥ ነበር። አለመስጠት ምርጫው ውስጥ አልነበረም።

ከቤታችን ወረድ ብሎ አንድ የእህል ነጋዴ ይኖር ነበር፤ ከአንበሳሜ ጤፍ እያስጫነ የሚሸጥ። በየስብሰባው “ንዑስ ከበርቴ” እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው፤ ተነሥ ሲሉት ይነሣል፣ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። አንድ ቀን ሁለት የሰቡ ሰንጋዎች እየነዳ ቀበሌው ግቢ አስገባ። ብዙም ሳይቆይ “ተራማጅ ጓድ” ተባለ፤ ቀጥሎ የፓርቲው ዕጩ አባል ሆነ፤ ቀጥሎ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምለው ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሰንጋ ሰውን እንዲህ ሲያነቃ አይቼ አላውቅም።

የእሱ ልጅና የእኔ ወንድም እኩያ ነበሩ። ወንድሜ ለእናቴ አንድ ወንድ ልጇ ነው፤ ደጃችን ላይ የብስክሌት ጎማ እየለጠፈ ይውላል። ከእሱ ሌላ የነበራት ሀብት አንዲት ላም ነበረች፤ ወተቷን ለመምህራን ቤት ትሸጣለች። እናቴ የነጋዴውን ሰንጋዎች አየች፤ የነጋዴው ልጅ ከምልመላው መቅረቱንም ሰማች። ነገሩ ወዲያው የገባት መሰላት።

“ይኸማ ስለት አይደል እንዴ!” አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ።

በመዋጮው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው እየተነሣ የሚሰጠውን ይናገራል፤ ይጨበጨብለታል። አንዱ በግ፣ ሌላው ማር፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሐይቁ የሰጣቸውን የአንድ ቀን ዓሣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ሁሉ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

“አንዲት ላም አለችኝ” አለች።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ብድግ ብሎ “እናታችን፣ ፓርቲው ያመሰግንዎታል!” አለ።

“ቆይ፣ ልጨርስ እንጂ። ልጄን ከዘማቾቹ ብታስቀሩልኝ ላሚቱን ከነጥጃዋ እነዳላችኋለሁ። እዚሁ በሰው ፊት ተሳልሁ። እኒያ ሰውዬ ሰንጋ አስገብተው ልጃቸው እንደቀረላቸው፣ የእኔም ይቅርልኝ።”

ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር። እናቴ የተናገረችውን የማያውቅ አንድም ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። ስለት ግን ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ የእነሱ ነገር የሚሠራው በሹክሹክታ ነበር።

“አንቺ ሴትዮ!” ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። “ሰፊው ሕዝብ በሚመሠርተው ፓርቲ ፊት ጉቦ ታቀርቢያለሽ?”

“ኧረ ጌታዬ፣ ጉቦስ በስውር የሚሰጠው ነው” አለች እናቴ፣ ከልቧ ግራ ተጋብታ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው።

ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜን ከብስክሌቶቹ መሀል አንሥተው ወሰዱት። በማግሥቱ የነጋዴው ልጅ መጣና ጎማው እንዲለጠፍለት ትቶት የሄደውን ብስክሌት ከደጃችን ይዞ ሄደ። ተለጥፎ ነበር።

ከዚያ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ላሟን ሊወስዱ መጡ። “በሕዝብ ፊት ቃል ገብተሻል” አሏት። እናቴ ገመዱን ጨብጣ “ስለቴ መቼ ሰመረና! ለታቦት እንኳ ሲሰምር ነው የሚገባው!” ብላ ቆመች። ጣቶቿን ከገመዱ አላቀቁ። ጥጃዋም እየጮኸች ተከተለች። ያን ጊዜ የያዘኝ ጥላቻ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ለፓርቲ ይህን ያህል ሰጠ ተብሎ የሚጨበጨብለት ሰው ባየሁ ቁጥር ምን ገዝቶ ይሆን እላለሁ።

በበዓሉ ማግሥት የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ በሳህን ሥጋ ወጥ ይዛ መጣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ ነው የተናገረችው። “ከድግሱ ላይ ነው። መዋጮ ላዋጡት ሁሉ ይድረሳቸው ተብሏል።”

እናቴ ሳህኑን አየችው። “ጾም ነው” አለች።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሴትዮዋ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች።

ፓርቲው ፈርሶ የዘመቱት እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ እናቴ ደጁ ላይ ተቀምጣ ትውል ነበር። ወንድሜ አልመጣም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዶሮውን ሠርቼ ሳቀርብላት፣ ሳህኑን በቀስታ ገፋ አድርጋ፣ “ገና ጾም ነው፣ ልጄ” ትለኝ ነበር።