ከንፈሯ ብቻ ይቅላ

ባለፈው ዓመት ቤታችንን ሊያድሱ የመጡት ቀለም ቀቢዎች የአኳራጅ ቆርቆሯቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ ያ ቀለም የሚያቀጥኑበት ፈሳሽ ሽታ ሳሎኑን አልፎ ምስር እየለቀምኩ ወደተቀመጥኩበት ጓዳ ገባና፣ እጄን ሰፌዱ ላይ አድርቆ ንፋስ መውጫ፣ ከገበያው አጠገብ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ። ሌላው ሰው «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» እያለ ሲያማርር እኔ ግን ደጋግሜ ሳብኩት፤ ለእኔ ያ ሽታ የእናቴ የጣቶቿ ሽታ ነበር።

አባቴ አቶ ዘለቀ ፎቶ አንሺ ነበር። በጃንሆይ ዘመን አሥመራ ላይ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል ሙያውን ከአንድ ጓደኛው ተምሮ፣ ሲሰናበት ባለ ሦስት እግር ካሜራውን በበቅሎ አስጭኖ ወደ አገሩ ወደ ጋይንት ተመለሰ። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ፎቶግራፍ ማለት ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በጥቁርና በነጩ ደግሞ አባቴን የሚስተካከል አልነበረም። ሰውዬውን በግራ አስቀምጦ፣ መልሶ በቀኝ አዙሮ፣ አገጩን በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ፣ ደመናው ፀሐይዋን ትንሽ እስኪጋርዳት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። ገበሬው «ኧረ ወገቤ!» ቢለው «ትንሽ ታገሥ፣ ብርሃኑ እየመጣ ነው» ይለው ነበር።

ቀለም መቀባቱ ግን የእናቴ የጥሩወርቅ ሥራ ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ በጠረጴዛው ላይ ታነጥፈውና፣ በቀጭን ስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ ጠምጥማ፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥና፣ ትንፋሿን ውጣ ትቀባው ነበር። ፎቶውን በሙሉ ቀብታ አታውቅም። ባለ ፎቶውን «ከዚህ ሁሉ ምኑን ላቅልምልዎ?» ብላ ትጠይቅና የመረጠውን አንድ ነገር ብቻ ትቀባለታለች። ደብተራው የጥላቸውን ዘርፍ ይመርጣሉ፤ ሴቲቱ የሕፃኗን ማተብ ትመርጣለች። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የራሳቸውን ነገር ሁሉ ትተው «የበቅሎዬን ጌጥ፣ መጣብሯን» ብለው ቤቱን ሙሉ አስቀውታል። ቀለሙ ከአዲስ አበባ በስንት ልመና የሚመጣ ስለነበር ቁጠባም ነበረበት፤ እናቴ ግን ሲጠይቋት «ሁሉንም ካቀለምኩት ዓይን የት ላይ ይረፍ?» ነበር መልሷ።

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጉና ወርዶ ከተማዋን ሲውጣት ፎቶ የሚነሳ ሰው አይመጣም ነበር። ያን ጊዜ አባቴ የቀለም ሣጥኑን ያወጣና፣ በየቀዳዳቸው ተሰክተው የቆሙትን ዘጠኝ ብልቃጦች አንድ በአንድ እያነሳ «ውዴ፣ ይሄ ማነው?» ይለኝ ነበር። ስሜ ውድነሽ ነው። «ቀይ!» እላለሁ። «ጎበዝ! ይሄስ?» «አረንጓዴ!» ይስቅና ብልቃጡን ወልውሎ ወደ ቀዳዳው ይመልሰው ነበር። በብልቃጦቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፣ እሱም ታጥቦ ደብዝዟል። እኔ ቀለም እያስተማረኝ ይመስለኝ ስለነበር ስድስት ዓመት አልፎኝ፣ ሰባትም አልፎኝ ይህን ቀላል ትምህርት ለምን እንደማይተወው እየገረመኝ፣ ለእሱ ደስታ ስል እመልስለት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ ይለኛል። ፎቶው የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል መስኮት በቀይ ጨርቅ ይሸፈን ነበር፤ ወረቀቱ ከቀይ ብርሃን በቀር ሌላ አይችልምና። ጨርቁ አርጅቶ ሲቀደድ አባቴ ራሱ ገበያ ወርዶ አዲስ ገዝቶ ሰቀለ፤ በዚያው ሳምንት ስንት ወረቀት ጥቁር ብሎ ተጣለ። እናቴ ጨርቁን አውርዳ ሌላ ሰቀለችና «ነጋዴው አታሎት ነው» አለችን። ያወረደችው ጨርቅ አረንጓዴ ነበር፤ እኔም ነጋዴውን ረገምኩት።

በጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ የእናቴ እናት መታመማቸውን የሚናገር ሰው ከእስቴ መጣ። እናቴ በቅሎ ላይ ወጥታ ከወንድሟ ጋር ስትሄድ አባቴን «እኔ እስክመለስ ቀለሙን አትንካው፣ ይጠብቁ በላቸው» አለችው። አንድ ወር ይበቃል ብላ ነበር የሄደችው፤ በሽታው ጠናና ገናም ያለ እሷ ዋለ። ቤቱ ባዶ ሲሆንብኝ ስትመለስ ደስ እንዲላት ብዬ የእሷን ነገር ሁሉ ማሰናዳት ጀመርኩ፤ ጥጧን አበጥሬ፣ ጠረጴዛዋን ወልውዬ፣ በመጨረሻም ዘጠኙን ብልቃጥ ከሣጥኑ አውጥቼ አጠብኳቸውና፣ የምወዳቸውን ከፊት፣ የማልወዳቸውን ከኋላ አድርጌ መልሼ ሰካኋቸው። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ለምንስ እነግረዋለሁ?

በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲህ ካለ አገር፣ ባላምባራስ አድማሱ የሚባሉ ባለጸጋ ገበሬ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አለሚቱና ከልጃቸው ከየሺ ጋር የሠርግ ዕቃ ሊገዙ መጡ። የሺ በጥር ልትዳር ነበር። አባቴ ጥልፍ ቀሚሷን አስለብሶ፣ ከነጭ አንሶላ ፊት አስቀምጦ አነሳት። ፎቶው ሲደርስ ወይዘሮ አለሚቱ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩትና «ቀለሙን የምትቀባው እመቤት የታለች?» አሉ።

«እናቷ ታመውባት እስቴ ሄዳለች» አለ አባቴ። «ትንሽ ቢታገሡኝ...»

«ምን ልታገሥ ልጄ? በጥር ወሎ ድረስ ልትሄድብኝ ነው። ዳግመኛ መቼ እንደማያት እግዜር ይወቅ። እኔ ዘንድ የምትቀረው ይቺ ናት። ሌላ አልልም፣ ቀሚሱም ይቅር። ከንፈሯ ብቻ ይቅላልኝ። ሕፃን ሆና እንጆሪ ስትበላ ውላ ስትመጣ እንደምታየው።»

አባቴ ወይዘሮ አለሚቱን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ከዚያም «እሺ፣ ለሠርጉ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አለ። እኔ ተማሪ ቤት በዋልኩበት አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ቀባው፤ ሲደርቅ መስተዋት ባለው ክፈፍ ውስጥ አድርጎ በነጭ ሻሽ ጠቀለለው። ስመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀኝ። «አሳየኝ» ብለው «የሰው አደራ ነው፣ እዚያው ታይዋለሽ» ብሎ ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ማልደን ተነሥተን፣ እኔን ከፊቱ በቅሎ ላይ አስቀምጦኝ፣ ገደሉን ወርደን ዳገቱን ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። በማግሥቱ ዳሱ ሞልቶ፣ ሙሽራዪቱ ተሸፋፍና ከሚዜዎቿ መካከል ተቀምጣ፣ እናቷ ከጎኗ ሆነው እያለቀሱ ሳለ፣ ባላምባራስ «ፎቶ አንሺው! ያመጣኸውን ለሕዝቡ አሳይ» አሉት። አባቴ ወደ ምሰሶው ተጠግቶ ክፈፉን ሰቀለና ሻሹን ገፈፈ።

እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ቆመ። የሺ ከነጭ አንሶላው ፊት እንደ ንግሥት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ፣ ጥልፏ፣ የአንገቷ ድሪ ሁሉ ጥርት ብሎ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከንፈሯ ብቻ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል።

«ወይ ጉድ! ሐሞት ጠጥታለች እንዴ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«በሠርግ ቀን እንዲህ ያለ ሟርት!» አለ ሌላ ሰው።

አባቴ እጁን ክፈፉ ላይ እንዳደረገ ሰዉን በየተራ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ገና አልጠፋም ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ውዴ፣ ምን ሆነ? ተሰነጠቀ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ከንፈሯ አረንጓዴ ነው።»

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። መልሶ ወደ ፎቶው ዞረና ከንፈሯን ተመለከተ፤ ትኩር ብሎ፣ ቀርቦ ተመለከተ፤ የምለውን ነገር ሊያገኘው እንዳልቻለም ገባኝ። ልጅ ብሆንም በዚያች ቅጽበት የክረምቱ ጥያቄ ሁሉ ለምን እንደነበር ገባኝ፤ ብልቃጦቹን በቦታቸው ብቻ ይለያቸው እንደነበር፣ ቦታቸውን የለወጥኩትም እኔ እንደሆንኩ።

«አንተ ሰው! ልጄን መሳቂያ ልታደርጋት ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» ብለው ባላምባራስ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

አባቴ ቀለሙን በሸጠለት ነጋዴ አላመካኘም፤ እናቴንም አላነሳም። ነጠላውን አደግድጎ በመሐል ቆመና «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለ። «ዓይኔ ቀዩን ከአረንጓዴው አይለይም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እንቢ ማለት ሲገባኝ አፈርኩና እሺ አልኩ።»

ያን ጊዜ ከሽፍኑ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዉ ሙሽራዪቱ ታለቅሳለች ብሎ ሲዞር የሺ ትስቅ ነበር። ሙሽራ በሠርጓ ቀን መሳቋ ነውር ነው፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ልታፍነው ብትሞክርም ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ «እማዬ፣ እይኝ እስቲ፣ ጎመን የሰረቀች ፍየል!» አለች። ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ስታለቅስ የከረመች ልጅ ነበረች። ወይዘሮ አለሚቱ አቀፏትና እንባቸው ሳይቆም ሳቁ፤ ሚዜዎቹ ሳቁ፤ አሮጊቷም ሳቁ። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ዱላቸውን አስቀምጠው «ቁጭ በል፣ እንግዳ ነህ» ብቻ አሉት።

በመመለሻው መንገድ ላይ ጀርባዬን ደረቱ ላይ አስደግፌ እያለቀስኩ ሣጥኑን የነካሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። «አንቺ ያሰናዳሽው ለእናትሽ ብለሽ ነው» አለኝ። «ጥፋቱ ካንቺ የደበቅሁት የእኔ ነው። አታልቅሺ።»

ወሬው ቀድሞን ንፋስ መውጫ ገባ። ተማሪ ቤት ልጆቹ «የአረንጓዴ ልጅ!» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ በገበያ ቀን ከበራችን ፊት ቆሞ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። አባቴ የቀለም ሣጥኑን ቆጥ ላይ ሰቀለው፤ ካሜራውንም ሳያወጣ የሚውልባቸው ቀናት በዙ።

እናቴ አያቴ ድነውላት የመጣችው ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ከበቅሎ ወርዳ እኔን ሳመችና፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰማሁ» አለችው።

«ያልሰማ ማን አለ?»

«ወሬውን በመንገድ ሰማሁት። ነገሩን ግን ከጥንትም አውቀዋለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት።

«በተጋባን በመጀመሪያው ፋሲካ ሻሽ ገዝተህልኝ አልነበር? እንደ ጽጌረዳ የቀላ አመጣሁልሽ ብለህ በእጅህ አሰርክልኝ።»

«አዎ።»

«አረንጓዴ ነበር።»

«ቀይ አልነበረም?»

«ሣር ነው የሚመስለው! አስረህልኝ ስታየኝ በጣም ደስ ብሎህ ነበር። ምን ብዬ ላፍርስብህ? እንደ ቀይ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ስሜበት መጣሁ።»

አባቴ «አሥር ዓመት ሙሉ ካንቺ ስደብቅ!» አለ። እሷም «እኔስ ማወቄን አሥር ዓመት ሙሉ ስደብቅ!» አለች፤ ከዚያ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩና አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረ፣ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ የየሺን ፎቶ ከፊልሙ እንደገና አጠበው፤ እናቴም ከንፈሯን ብቻ፣ እንጆሪ በልታ የመጣች አስመስላ አቀላችው። እኔ ደግሞ ፊደል ጨርሼ ስለነበር የየቀለሙን ስም በወረቀት ጽፌ በየብልቃጡ ላይ በሙጫ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስሙን እያነበበ ራሱ ይቀባ ጀመር። የመጣውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ዓይኔ ቀለም አይለይም፣ ሲያልቅ ባለቤቴ ታየዋለች» ይለው ነበር፤ ሰዉም ሳቁን ረስቶ ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ሦስታችንም ፎቶውን ይዘን ስማዳ ወረድን። ወይዘሮ አለሚቱ አዲሱን ተቀብለው ሳሙት፤ ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። አባቴ አሮጌውን ለመውሰድ እጁን ወደ ምሰሶው ሲዘረጋ ግን ክንዱን ያዙት።

«እሱን አልሰጥህም።»

«ኧረ እሜቴ፣ ያሳፍረኛል!»

«ይህቺ ልጄ ናት» አሉ አዲሱን እያሳዩት። «ያኛው ደግሞ ከቤቴ የወጣች ዕለት የሳቀችው ሳቅ ነው። ያለ እሱ ለቅሶዋ ብቻ ነበር የሚቀርልኝ።»

ባላምባራስ ከበሩ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበርና «ተወው፣ እኔም ለምጄዋለሁ» አሉ።

አሁን ባሕር ዳር የምትኖረው የሴት ልጄ ወንድ ልጅ ፎቶ ያነሳኝና ስልኩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ሁሉን ነገር ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፤ የነጠላዬን ጥለት ብቻ በቀለሙ ይተወዋል። ካልጣመው አጥፍቶ እንደገና ይሠራዋል፤ ጥጥ የለ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ። ይህ ልጅ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ሐኪሙ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ አሳይቶት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነገረን፤ በእናት በኩል እንደሚወረስ፣ ብዙ ወንዶችም እንዲሁ እንደሆኑ አስረዳን። ልጁም «እኔ እኮ ቀለም አላይም» እያለ ለጓደኞቹ ሁሉ ይናገራል፤ ስልኩ የቀለሙን ስም ይነግረዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አባቴ ግን ያ ነገር የሚጠራበት ስም እንዳለው ሳያውቅ፣ እንደ እሱ ያሉ ሌሎች ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ሳይሰማ አረፈ። አንዳንድ ቀን ልጁን እያየሁ ይህን ለአባቴ የምነግርበት አንድ ከሰዓት በኋላ በኖረኝ እላለሁ።