የማይዞረው ቅል

ሮዛሪዮ ከተማ ያለውን ኢንተርኔት ቤቴን በየጠዋቱ ስከፍት አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ በር ላይ ናቸው፤ ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ኮምፒውተር ከፍተው፣ በራሱ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥላቸውን ፕሮግራም ያስነሳሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም አይነኩም። ማቴ የሚባለውን የአገሩን ሻይ የሚጠጡበትን ቅል በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የዋጋው መስመር ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ። ሻዩ ቢያልቅም ቅሉን አይለቁትም።

እዚህ አገር የማቴ ቅል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ይጠጣበታል፤ የሳቸው ግን አይዞርም። ዛሬ መስመሩ ቀልቶ ሲያሽቆለቁል፣ ቅሉን አጥብቀው ከመጨበጣቸው የተነሳ ጣቶቻቸው ነጡ።

“አባባ፣ አንድ ቀን እንኳ አያቀምሱንም? ምነው እንዲህ ሰሰቱ?” አልኳቸው።

“ይሄ እጄ ባዶ ከሆነ ደንግጦ ቁልፉን ይጫንና አክሲዮኑን ሁሉ ይሸጠዋል። አመሉን አውቀዋለሁ።”

“በፊትስ እንዴት ያደርጉ ነበር?”

“በፊትማ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ትይዝልኝ ነበር።”