«ቶንግሙ» ያሉ ዕለት

ታክ ኢንሱ ሽበታቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ክርኑ የተጣፈውን ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ወደ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ሄዱ። ከሰሜን ኮሪያ ከድተው ደቡብ፣ ሴኡል ከገቡ ወዲህ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ኮሚኒስቶችን የሚያወግዝ መጽሐፍ መጻፍ፣ ከዚያ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ያንኑ መናገር። በወጣትነታቸው በፓርቲው ጋዜጣ ያሞገሱትን ነው አሁን የሚረግሙት። የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። ግን ስንት ጊዜ? አሁን አሁን አፋቸው ብቻውን ይናገራል፤ እሳቸው መስኮቱ ላይ የምትሄደውን ዝንብ ያያሉ።

የዚያን ዕለት በንግግር መሃል መነጽራቸው ወደቀ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ብድግ ብላ አነሳችላቸው።

«ተባረኪ፣ ቶንግሙ» አሏት።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቶንግሙ ድሮ ጓደኛ ማለት ነበር። ሰሜኖቹ «ጓድ» ካደረጉት ወዲህ ግን በደቡብ ቃሉን ሊናገር የሚደፍር የለም።

«ሰላይ!» አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ ፈነዳ። ርእሰ መምህሩ አመድ መሰሉ።

በማግስቱ አሳታሚው ናም መጣ። የቀረበለትን የገብስ ሻይ እንኳ አልቀመሰም።

«መምህር፣ ምን ነካዎት? ከላይ ተደውሎልኛል እኮ! አዲሱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንዲት መስመር ይጨምሩልኝ። ‹ከዚያ ክፉ አገር የተጣባኝ ቃል ነው› ይበሉ፣ ያልቃል።»

«ከዚያ አይደለም የተጣባኝ።»

«ታዲያ ከየት ነው?»

«ከእናቴ። አብሮ አደጌ ማንሲክ በረዶ ላይ እንድንንሸራተት ሊጠራኝ ሲመጣ ‹ተነስ፣ ቶንግሙህ መጣ› ትለኝ ነበር። ያኔ በሰፈራችን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«አንባቢው እናትዎን የት ያውቃል!»

«ስንቱን ጥዬ መጣሁ፤ እናቴን፣ ማንሲክንም። ይህችን ቃል ግን ለነሱም ለእናንተም አልሰጥም።»

«እንግዲያው መጽሐፉም ንግግሩም ቀረ» አለ ናም። ደጃፉ ላይ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

እዚሁ ደቡብ ያገቧት ሚስታቸው ኦክቡን በወረቀት ከተለበጠው በር ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«የዮንጃ አባት፣ ከእንግዲህ ምን ልንበላ ነው?»

«እንጃ። ደክሞኛል።»

ጓዳ ገብታ ሰሜኖቹ የሚወዱትን ኑድል በቀዝቃዛ መረቅ ይዛ መጣች፤ ከላዩም እሳቸው እንደሚወዱት የፒር ፍሬ ቁራጭ ጣል አድርጋበታለች። ከዚያ ሄዳ መስኮቱን ዘጋች፤ መጋረጃውንም ሳበች። ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረች ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ብላ እንጂ፣ ቶንግሙ» አለቻቸው።

በደቡብ ቅላጼ ስትለው ያስቃል። ታክ ኢንሱ ሳቅ አመለጣቸው፤ መብያ እንጨታቸውንም አነሱ።